በስስ አየር ውስጥ ትንሽ ሄሊኮፕተርን ማረጋጋት

የምኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ በምትባለው ከተማ ነው፤ ከሥራ በማርፍባቸው ማለዳዎች በሬዲዮ የምትመራና በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሄሊኮፕተር አበርራለሁ። በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች 450 ብለው የሚጠሩት ክፍል ውስጥ የምትመደብ ናት፤ የእያንዳንዱ ክንፏ ርዝመት 325 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዋናው ሮተር ሲዞር የሚሸፍነው ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ማረጋጊያዋን ነው፤ ይኸውም ሄሊኮፕተሯ ሳትታዘዝ እንዳትዞር፣ ስትታዘዝ በታዘዘችው ፍጥነት እንድትዞር፣ ቁሚ ስትባልም እዚያው ላይ እንድትቆም የሚያደርገው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እንዴት እንደሚስተካከል ነው። (ክብደቷ ከ250 ግራም ስለሚበልጥ በዚህ አገር የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ምዝገባ ያስፈልጋታል፤ ሌላ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ከሁሉ አስቀድማችሁ የአገራችሁን ሕግ ጠይቁ።)

ለነገሩ አዲስ የሆኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ጌይኖቼን፣ ይኸውም ሰሌዳው ለስህተት በምን ያህል ኃይል እንደሚመልስ የሚወስኑትን የራሴን ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹን ለመስጠት አልሰስትም፤ ሆኖም የአንዲት ማሽን፣ የአንድ የሮተር ፍጥነትና የአንድ ከፍታ ቁጥሮች በመሆናቸው ለሌላው ሰው የሚያስገኙት ጥቅም ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ሰው ቁጥር በመለዋወጥ ሊያርመው የሚደክምበት ችግር ሲመረመር መነሻው የተጣመመ ዘንግ፣ የላላ ማያያዣ ወይም ከሚገባው በላይ የዘገመ ሮተር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ጌይኖቹን የምነካው በመጨረሻ ነው፤ ይህን ጽሑፍም በዚያው ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ሰሌዳው የሚሠራው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። በላዩ ላይ የተበየደችው ጋይሮ ሄሊኮፕተሯ ወደ ጎን ስታጋድል፣ አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ ስታደርግ፣ እንዲሁም በቁመቷ ዙሪያ ስትዞር በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደምትዞር ትለካለች። አብራሪው በሬዲዮው ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ዘንግ (ስቲኩን) ሲገፋ የሚያዝዘውም ይህንኑ የመዞር ፍጥነት ነው። ሰሌዳው ከታዘዘው ላይ የተለካውን ይቀንሳል፤ የቀረው ልዩነት ስህተት ይባላል፤ የክንፎቹን ማዘንበል የሚቀይሩት ትንንሽ ሞተሮች፣ ሰርቮዎቹ፣ የሚንቀሳቀሱት ይህንን ስህተት ለማጥፋት ነው።

ስህተቱን የማጥፋቱ ስልት ወደ ሄሊኮፕተር የመጣው ከመርከብ ነው። ሩሲያ ተወላጁ መሐንዲስ ኒኮላስ ሚኖርስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 መርከብን ያለ ሰው እጅ ስለመምራት ባሳተመው ጥናት፣ አንድ የሠለጠነ መሪ ያዥ የሚያደርገውን በሒሳብ አስቀመጠ። መሪ ያዡ መርከቧ አሁን ከመስመሯ ምን ያህል እንደወጣች ያያል፤ ስህተቱ ምን ያህል እንደቆየና በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነም ይመለከታል። እኛ ፒ፣ አይ እና ዲ የምንላቸው ጌይኖች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ ፒ ለአሁኑ ስህተት በመጠኑ ይመልሳል፣ አይ የተጠራቀመውን ስህተት ይይዛል፣ ዲ የለውጡን ፍጥነት ይገታል። በሄሊኮፕተር ላይ አራተኛ ይጨመርበታል፤ እሱም ስህተት እስኪፈጠር ሳይጠብቅ የስቲኩን ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ሰርቮዎቹ የሚያሳልፈው ፊድፎርዋርድ ነው።

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ብረት ነበር። ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር በ1960ዎቹ መጨረሻ በሬዲዮ የሚመራ ሄሊኮፕተርን በእርግጥ መቆጣጠር እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሞዴሎቹ ከሮተሩ ጋር አብሮ የሚዞር የማረጋጊያ ዘንግ ነበራቸው፤ ሐሳቡም የተወሰደው አርተር ያንግ ለቤል፣ ስታንሊ ሂለር ደግሞ ለራሱ ኩባንያ ከሠሯቸው ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች ነው። ያ ዘንግ ሲወገድ ማሽኖቹ ቀለሉ፣ የሚሰበረውም ዕቃ ቀነሰ። ነገር ግን ዘንጉ ንዝረትን ችሎ የሚያልፍ ነበር፤ የተካው ሰሌዳ ይህ ትዕግሥት የለውም።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜዬን የሚወስደውም ይኸው ንዝረት ነው፤ የሚገባውም ይመስለኛል። ሮተሩ በደቂቃ 2,700 ዙር ሲዞር በሰከንድ 45 ዙር ዞረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ ክንፎች አንዱ ትንሽ ቢከብድ ወይም ዋናው ዘንግ በጥቂቱ ቢጣመም በ45 ሄርዝ የሚመታ ንዝረት ይፈጠራል። ክንፎቹ ሁለት በመሆናቸው በ90 ሄርዝም ከደህና ማሽን እንኳ ፈጽሞ የማይጠፋ ንዝረት አለ። የጭራው ሮተር ደግሞ ከዋናው ከ4 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሚዞር የእሱ ንዝረት 190 ሄርዝ አካባቢ ላይ ይገኛል። ጋይሮዋ ይህን ሁሉ ከእውነተኛው የሄሊኮፕተሯ መዞር ለይታ አታውቀውም፤ ሁሉንም እንደ ስህተት ለሰሌዳው ታቀርባለች። የዲ ጌይን የሚመለከተው የለውጥን ፍጥነት በመሆኑ ፈጣኑን ንዝረት አጉልቶ ወደ ሰርቮዎቹ ይልከዋል። ከበረራ በኋላ ሰርቮዎቹ ሲነኩ የሚፋጁ ከሆነ ምክንያቱን መጀመሪያ እዚህ መፈለግ ይገባል።

ሰሌዳው ንዝረቱን በፊልተር ሊያጣራ ይችላል፤ ማጣራት ግን ጊዜ ይወስዳል። ከ50 ሄርዝ በላይ ያለውን የሚያዳክም አንድ ቀላል ፊልተር ምልክቱን ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል፤ ወሰኑን ወደ 100 ሄርዝ ከፍ ቢያደርጉት መዘግየቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዘገየ መረጃ የሚሠራ ሰሌዳ የሚያርመው ያለፈውን ስህተት ነው፤ ጌይኑ ከፍ ባለ ቁጥር ይህ የዘገየ እርማት ራሱ አዲስ መወዛወዝ ይሆናል። እንግዲህ ንዝረቷ የበዛ ሄሊኮፕተር ጠንካራ ፊልተር ትፈልጋለች፤ ጠንካራው ፊልተር ጌይኑ ዝቅ እንዲል ያስገድዳል፤ ዝቅ ባለ ጌይን የምትበርር ሄሊኮፕተር ደግሞ ትእዛዝ የምትቀበለው እያመነታች ነው። አብራሪው ጌይኑን ከፍ ባደረገ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፣ ዝቅ ሲያደርገው ትልላለች፤ በዚህ መካከል ሲመላለስ ብዙ ባትሪ የጨረሰ ሰው አውቃለሁ፤ ችግሩ የተገኘው ከጭራው ሁለት ኩሽኔታዎች በአንዱ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ የምሠራው እንዲህ ነው። ክንፎቹን ከማሽኗ አውርጄ በሚዛን አስተካክላለሁ፤ ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኘውን አጭር ዘንግ አውጥቼ በመስታወት ላይ አንከባልለዋለሁ፤ ጥቂት ጉብጠት እንኳ ቢኖረው በመስታወቱና በዘንጉ መካከል ያለው ብርሃን ሲመጣና ሲሄድ ይታያል። ከዚያ ኩሽኔታዎቹን በጣቴ እያዞርኩ እሰማቸዋለሁ፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ ይቀየራል። ሰሌዳው በሁለቱም በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ሲለጠፍ ከእሱ የሚወጡት ገመዶች የተወጠሩ እንዳይሆኑ እጠነቀቃለሁ፤ የተወጠረ ገመድ ፕላስተሩ የሚያስቀረውን ንዝረት በሌላ መንገድ ያስገባዋል። ሮተርፍላይት የተባለው፣ ከድሮኖቹ ቤታፍላይት ተነሥቶ ለሄሊኮፕተር የተበጀው ነጻ ሶፍትዌር የሞተሩን ፍጥነት እያነበበ የሮተሮቹን ንዝረት ብቻ ለይቶ የሚቆርጥ ፊልተር አለው፤ በረራውንም መዝግቦ ንዝረቱ በየትኛው ሄርዝ ላይ እንደሆነ በግራፍ ያሳያል። ግራፉ 45 ላይ ከፍ ካለ ዋናውን ሮተር፣ 190 አካባቢ ከፍ ካለ ጭራውን እፈታለሁ። በእኔ አስተያየት የዚህ ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ፊልተሩ ደግሞ የተረፈውን ያጣራል እንጂ የተጣመመ ዘንግ አያቀናም።

ቀጥሎ የሚመጣው የልኬት ሥራ አሰልቺ ቢሆንም አጭር ነው። ስቲኩ መሐል ላይ ሲሆን የሰርቮዎቹ ክንዶች ከማገናኛዎቻቸው ጋር 90 ዲግሪ መሥራት፣ የሰርቮዎቹን እንቅስቃሴ ወደሚዞሩት ክንፎች የሚያስተላልፈው ሳህን፣ ስዋሽፕሌቱ፣ ሳያጋድል መቀመጥ፣ የክንፎቹ ፒች (የማዘንበል ማዕዘን) ዜሮ መሆን ይኖርበታል። ከዚያ ሰሌዳው የሚጠይቀው የሳይክሊክ ዲግሪ፣ ማለትም ሄሊኮፕተሯን ለማጋደል የክንፎቹ ፒች በየዙሩ የሚለዋወጥበት መጠን፣ በፒች መለኪያ ተስተካክሎ ይሰጠዋል፤ ከሰሌዳዎቹ መካከል ማይክሮቢስት 6 ዲግሪ፣ ቪባር 8 ዲግሪ ይጠይቃሉ። ሰሌዳው የራሱን ትእዛዝ መጠን የሚያውቀው በዚህ ልኬት ስለሆነ እዚህ ላይ የተዛባ ነገር በኋላ የሚገቡትን ጌይኖች ሁሉ ያዛባል። በመጨረሻም ሞተሩ እንዳይነሣ ገመዱን ነቅሎ ሄሊኮፕተሯን በእጅ ወደ ፊት ማዘንበልና ስዋሽፕሌቱ በተቃራኒው ወደ ኋላ መመለሱን ማየት ግዴታ ነው። አብሯት ወደ ፊት ካዘነበለ እርማቱ ተገልብጧል። በ2,700 ዙር የክንፎቹ ጫፍ በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ይህንን ከመሬት ከተነሣ በኋላ ለማወቅ የሚመርጥ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወደ ሮተር ፍጥነት ስንመጣ፣ ቁጥሮቼ ለሌላ ሰው የማይሆኑበት ዋናው ምክንያት ላይ ደረስን። በግርድፉ ሲታይ ሮተር የሚሰጠው ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከሮተሩ ፍጥነት ካሬ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሰርቮው የሚሰጣት አንድ ዲግሪ በፈጣን ሮተርና በወፍራም አየር ብዙ ዋጋ አላት፣ በዘገምተኛ ሮተርና በስስ አየር ግን ዋጋዋ ይወርዳል። ጌይን የሚባለው ለዚህን ያህል ስህተት ይህን ያህል ዲግሪ ይሰጥ ብሎ የሚወስን ቁጥር ስለሆነ፣ የዲግሪዋ ዋጋ ሲወርድ ከፍ ማለት፣ ሲወጣ ደግሞ ዝቅ ማለት አለበት።

አውሮራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የአየሩ እፍግታ በኩቢክ ሜትር 0.94 ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል፤ በባሕር ጠለል ላይ እንደ መደበኛ የሚወሰደው 1.225 ነው። በጥር፣ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ በሆነበት ማለዳ፣ ወደ 1.06 ከፍ ይላል። ስለዚህ በአንዱ ሜዳ ላይ፣ በአንዲቱ ማሽን፣ በጥርና በሐምሌ መካከል ከ10 በመቶ የሚበልጥ ልዩነት አለ፤ በጥር ልክ የነበረ የጭራ ጌይን በሐምሌ ትንሽ ልል ሆኖ ይሰማኛል፣ ይህንንም የዕቃ መበላሸት አድርጌ አልቆጥረውም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በ20 ዲግሪ ሙቀት እፍግታው 0.92 አካባቢ ይሆናል፤ የአውሮራ የሐምሌ ሙቀት የሚያሳሳውን ያህል አየር የአዲስ አበባ ከፍታ ዓመቱን ሙሉ ያሳሳዋል ማለት ነው። በባሕር ጠለል አጠገብ የሚኖር አብራሪ በ2,600 ዙር የሚያገኘውን ኃይል በ0.92 እፍግታ ለማግኘት ሮተሩን በ15 በመቶ ማፍጠን፣ ይኸውም ወደ 3,000 ዙር መውሰድ ያስፈልጋል። ለዚህ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ትንሽ ባለ ጥርስ ጎማ በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ በሚበልጥ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ብቻ ስስ አየር የማቀዝቀዝ አቅሙም ስለሚያንስ ከመጀመሪያዎቹ በረራዎች በኋላ ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በእጅ መዳሰስ መልካም ነው።

የተመረጠው ፍጥነት እንዳይዋዥቅ ደግሞ የሮተሩን ፍጥነት የሚጠብቀው ገቨርነር መሥራት አለበት። ሦስት ሴል ያለው ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ይሰጣል፣ በበረራው መጨረሻ ሞተሩን እየነዳ ሳለ ወደ 11 ቮልት ይወርዳል። ገቨርነር ከሌለ ሮተሩ አብሮ ይዘገማል፣ የጌይኑም ስሜት በአንድ በረራ ውስጥ ይለዋወጣል፤ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ጌይን መምረጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ጭራው ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። እንደ አብዛኞቹ ሞዴሎች የእኔም ዋና ሮተር ከላይ ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ አካሏ በአጸፋው ወደ ተቃራኒው፣ አፍንጫዋን ወደ ግራ ይዛ፣ መዞር ትፈልጋለች። የጭራው ሮተር ያለ ዕረፍት አፍንጫዋን ወደ ቀኝ እየገፋ ይህንን ይከለክላል። ሮተሮቹ ሁለቱ የሚዞሩት በአንድ ሞተር በመሆኑ ዋናው ሲዘገም ጭራውም ይዘገማል፤ ፍጥነቱ ከ3,000 ወደ 2,400 ዙር ቢወርድ የጭራው ኃይል ወደ 64 በመቶ ያሽቆለቁላል። የስስ አየሩ ጣጣ ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ነው። ዋናው ሮተር አየሩ ሲሳሳበት አብራሪው ፒች ይጨምርለትና ሄሊኮፕተሯ በአየር ላይ ትቆማለች፤ አካሏን የሚጠመዝዘው ኃይል ግን ብዙም አይቀንስም። ያንን ኃይል መመከት ያለበት ጭራ በበኩሉ አቅሙ በሩብ ያህል ጎድሏል። አብራሪው ኮሌክቲቩን፣ ማለትም የሁለቱንም ክንፎች ፒች በአንድነት የሚጨምረውን ትእዛዝ፣ በኃይል ሲስበው አፍንጫዋ ወደ ግራ ከሸሸችና ጌይን በመጨመር ካልተመለሰች፣ የጭራው ክንፎች መስጠት የሚችሉትን ሁሉ ሰጥተው ጨርሰዋል ማለት ነው፤ መፍትሔውም የዋናውን ሮተር ፍጥነት ማሳደግ ወይም ረዘም ያሉ የጭራ ክንፎች መግጠም ነው።

አቅሙ በቂ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ሄሊኮፕተሯን በሰው ቁመት ከፍታ አቁሜ የጭራውን ፒ ቀስ በቀስ አሳድጋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ጭራዋ በፍጥነት፣ ዐይን ለመቁጠር በሚከብደው ፍጥነት፣ መርገብገብ ትጀምራለች፤ ከዚያ 10 በመቶ ያህል ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ርግብግብታው ዘገም ያለና ሊቆጠር የሚችል ከሆነ ግን ፒን መውቀስ ትክክል አይደለም፤ ወይ አይ በዝቷል፣ ወይ የጭራውን ፒች የሚገፋው ተንሸራታች ይነክሳል፣ ወይም ማያያዣው ልል ሆኗል። ሰርቮውን ነቅሎ ተንሸራታቹን በጣት መግፋት ጥርጣሬውን ያጠራል። ስለ ጭራ ሰርቮ ካነሣን፣ አንዳንዶቹ 1520 ማይክሮ ሰከንድ በሚባለው የተለመደ ምልክት ሲሠሩ ሌሎቹ 760 ይፈልጋሉ፤ በሰሌዳው ላይ ይህን አሳስቶ መምረጥ ሰርቮውን በደቂቃ ውስጥ ሊያቃጥለው ስለሚችል ከመሰካት በፊት የሰርቮውን ወረቀት ማንበብ ይገባል።

ከዚያ ዙሯን ወደሚያቆመው ጌይን እሄዳለሁ። በግራና በቀኝ እያዞርኳት ስቲኩን በድንገት እለቅቃለሁ። ወደ ግራ ስትዞር የዋናው ሮተር አጸፋ ያግዛታል፣ ስለዚህ ለመቆም ጭራው ዙሩንም አጸፋውንም መርታት አለበት፤ አቋሟ ለስለስ ብሎ ትንሽ ትንሸራተታለች። ወደ ቀኝ ስትዞር ግን አጸፋው ራሱ ስለሚያቆማት በድንገት ትቆምና ወደ ኋላ ትነጥራለች። ለሁለቱም አንድ ጌይን የሚሰጥ ሰሌዳ ሁለቱን ማስማማት አይችልም፤ ሮተርፍላይትና ሌሎች ዘመናዊ ሰሌዳዎች የግራውንና የቀኙን የማቆሚያ ጌይን ለየብቻ እንድናስገባ የሚፈቅዱት ስለዚህ ነው። የቀኙን ከግራው ዝቅ አድርጎ መጀመር ጥሩ ነው። በመጨረሻም ከኮሌክቲቭ ወደ ጭራ የሚሄደው ቅድመ እርማት አለ፤ አብራሪው ኮሌክቲቩን ሲነካ ሰሌዳው አፍንጫዋ እስክትሸሽ ሳይጠብቅ ለጭራው ፒች ይጨምርለታል። ይህ በትክክል ሲገባ የፒ እና የአይ ሸክም ይቀንሳል፤ ሲበዛ ግን ኮሌክቲቭ በተሳበ ቁጥር አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ትመታለች።

ሮልን (ወደ ጎን ማጋደሏን) እና ፒችን (እዚህ ላይ የአፍንጫዋን ከፍና ዝቅ ማለት) ማስተካከል ከጭራው ይቀላል። ስቲኩን ገፍቼ ስለቅቀው ፈጣን እንቅጥቅጥ ከታየ ፒ ይቀነሳል፤ ቆማ ቀስ ብላ ወደ ኋላ የምትመለስ ከሆነ አይ በዝቷል። ቆማ ሳለች ሁሉም ደህና ሊመስል ስለሚችል የአይን ማነስ የማየው በፍጥነት ወደ ፊት ሳበርራት ነው፤ ኮሌክቲቭ ስጨምር አፍንጫዋ ሳላዝዛት ወደ ላይ ከተነሣች በፒች ዘንግ ላይ ያለው ፒ ወይም አይ አንሷል። መነሻዋ ላይ ደግሞ የአይ ሌላ ባሕርይ አለ። መሬት ላይ ቆማ ሮተሯ ሲዞር መሬቱ እንድትዞር ስለማይፈቅድላት ስህተቱ ይጠራቀማል፣ ስዋሽፕሌቱም ቀስ እያለ ያጋድላል፤ ጀማሪው ይህን አይቶ በስቲኩ ለማቅናት ሲሞክር የባሰ ይከማችና ሄሊኮፕተሯ ስትነሣ ትገለበጣለች። ስቲኩን መሐል ላይ ትቶ፣ ሳያመነቱ ከመሬት ማንሣት ነው።

በሬዲዮዬ ላይ ሁለት የጌይን ስብስብ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ለ2,500 ዙር፣ ሌላው ለ2,900። በፍጥነቶቹ ካሬ ሒሳብ የዝቅተኛው ጌይን ከከፍተኛው 35 በመቶ ያህል መብለጥ ነበረበት፤ በተግባር ግን ከዚያ ያነሰ ይበቃኛል፣ ምክንያቱም በዝቅተኛው ፍጥነት ላይ የሮተሩ ንዝረት ወደ 42 ሄርዝ ስለሚወርድና ፊልተሩም አብሮት ስለሚወርድ መዘግየቱ ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ የሁለተኛውን ስብስብ በሒሳብ ጀምሬ በሜዳው ላይ እንደገና እፈትነዋለሁ፤ በሐምሌ ከሰዓት የሚነሣውን ነጎድጓድና ነፋስ ለመሸሽም ፈተናውን ሁልጊዜ በማለዳ እጨርሳለሁ።